«አጎቴ ከልክሎኛል» በል

ልጄ፣ እንግዲህ አሜሪካ ገብተሃል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሁለት ነገሮች በፖስታ ይመጡልሃል፤ ግሪን ካርድህና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድህ። ግሪን ካርዱን ሁሉም ያከብረዋል፤ እናትህ ፎቶውን ላክልኝ ትልሃለች፣ ጓደኞችህም እንኳን ደስ ያለህ ይሉሃል። ሶሻሉ ግን ፎቶ የለው፣ አሻራ የለው፣ ተራ ወረቀት ነው። ብዙ ሰው ቦርሳው ውስጥ ይወሽቀውና ዓመት ሙሉ ይዞት ይዞራል። አንተ እንዲህ አታድርግ። ቁጥሩን በቃልህ ያዝና ካርዱን ቤት አስቀምጠው፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ ሳልሆን ካርዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ቁጥሩ በ1936 ሲጀመር (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) ሥራው አንድ ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው የሚያገኘውን ደመወዝ መዝግቦ ጡረታውን ማስላት። ቆይቶ ግን ባንኩም፣ አበዳሪውም፣ አከራዩም፣ የስልክ ድርጅቱም ሰው የሚለዩበት ሌላ የጋራ ነገር ስላጡ እሱኑ ያዙት። እዚህ የቀበሌ መታወቂያ የለም፤ አሁን አገር ቤት እንደመጣው ፋይዳ አሻራና የዓይን ምስል የተያያዘበት ቁጥርም የለም። ስለዚህ ስምህን፣ የልደት ቀንህንና እነዚያን 9 አሃዞች የያዘ ሰው በስልክም በኮምፒውተርም አንተን ሆኖ ይቀርባል። በስምህ ካርድ ያወጣል፣ መኪና በብድር ይወስዳል፣ ታክስህን ቀድሞህ አስገብቶ ተመላሽ ገንዘብህን (ሪፈንድህን) ይበላል። አንተ የምታውቀው ከወራት በኋላ፣ አፓርታማ ልትከራይ ሄደህ «ክሬዲትህ ተበላሽቷል» ስትባል ነው።

ቁጥሩን በእውነት የሚፈልጉት ጥቂቶች ናቸው፤ አሠሪህ፣ ባንክህ፣ ታክስ፣ ክሬዲትህን አይቶ የሚያበድርህ ወይም ቤት የሚያከራይህ። ሌላው አብዛኛው ከልማድ ነው የሚጠይቅህ። «ለምን አስፈለገህ? ያለ እሱ አይሆንም?» ማለትን ልመድ። የሐኪም ቤት ቅጽ ላይ ያለችውን ባዶ ቦታ ዝም ብለህ ብታልፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመልስህ የለም።

ደብቄ ከያዝኩት ምን እሆናለሁ ትል ይሆናል። መደበቁ ደግ ነው፤ ግን አይበቃም። በ2017 ኢክዊፋክስ የሚባለው ድርጅት ተዘረፈ። ይህ ድርጅት የአሜሪካኖችን የብድር ታሪክ ሰብስበው ለአበዳሪዎች ከሚሸጡት ከሦስቱ ትልልቆች አንዱ ነው። ሌቦቹ የገቡት መጠገኛው ከወራት በፊት ወጥቶ፣ ድርጅቱ ግን ሳይጠግነው በተወው የሶፍትዌር ቀዳዳ ነበር። የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ስም፣ የልደት ቀንና ሶሻል ወጣ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ለድርጅቱ አንድም ቀን መረጃ የሰጡ አይመስላቸውም፤ ደንበኞቹ አልነበሩምና። ለድርጅቱ ያቀበሉት ባንካቸውና የካርድ ድርጅታቸው ናቸው። ይህን ያየ ሰው ሶሻሌ ምሥጢር ነው ብሎ አይተኛም። አንተም ቁጥርህ አንድ ቀን ይወጣል ብለህ አስብና፣ ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ምንም እንዳያገኝ አድርግ።

ይህ የሚደረገው ፍሪዝ በሚባለው ነው፤ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ እሱን ያዝ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው በስምህ ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሦስቱ ድርጅቶች ከአንዱ ዘንድ ፋይልህን ማየት ነው። ፋይልህ ፍሪዝ ከተደረገ አበዳሪው አያየውም፤ ካላየ አያበድርም። ሌባው ስምህን፣ ቁጥርህን፣ አድራሻህን ቢይዝም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከመስከረም 2018 ወዲህ ይህ በፌዴራል ሕግ ነጻ ነው፤ ከዚያ በፊት በብዙ ስቴት ያስከፍሉ ነበር። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከጠየቅህ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ መዝጋት፣ ክፈቱልኝ ስትል ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት ግዴታቸው ነው። የክሬዲት ነጥብህን አይቀንስም። በእጅህ ያለው ካርድም እንደወትሮው ይሠራል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን አይነጋገሩም፤ ሦስቱንም ለየብቻ መዝጋት አለብህ። ሁለቱን ዘግቶ ሦስተኛውን የረሳ ሰው ምንም እንዳልዘጋ ነው፤ ሌባው የትኛው አበዳሪ የትኛውን እንደሚያይ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ድረ ገጻቸው ላይ ስትገባ «ሎክ» የሚሉትንና አንዳንዴ በየወሩ የሚያስከፍሉበትን አገልግሎት ፊት ፊት ያደርጉልሃል። ሻጮች ናቸውና አትፍረድባቸው፤ አንተ ግን ፍሪዝ የሚለውን ፈልገህ ግባ።

አሁን ገና መጤ ነህ፣ ፋይልም የለህም፣ ስለዚህ ዛሬ ዝጋ አልልህም። መጀመሪያ ባንክህ ጋ ትንሽ ገንዘብ አስይዘህ የምታወጣትን ካርድ አውጣ፤ በየወሩ ጥቂት ገዝተህበት ሙሉውን ክፈል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፋይልህ ይታያል፣ ያኔ ሦስቱንም ትዘጋለህ። አፓርታማ ልትከራይ ወይም መኪና ልትገዛ ስትል አከራዩን ወይም ሻጩን «የትኛውን ነው የምታዩት?» ብለህ ጠይቅና እሱን ብቻ ለጥቂት ቀናት ትከፍታለህ። ቀኑን ስትሞላላቸው ራሱ ተመልሶ ይዘጋል። ወጣቱ ሁሉ «ክሬዲት ልሠራ ነው፣ ብዘጋው እንዴት ይሆናል?» ይለኛል። ክሬዲት የሚሠራው በሰዓቱ በመክፈል ነው እንጂ ፋይልህን ለመንገደኛ ክፍት በመተው አይደለም።

ሪፖርትህን ደግሞ እያወጣህ እይ። አኑዋልክሬዲትሪፖርት ዶት ኮም በሚባለው አድራሻ ከሦስቱም በየሳምንቱ ሳይቀር በነጻ ይገኛል፤ ስሙን የሚመስሉ፣ የካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ብዙ ገጾች ስላሉ ፊደሉን አስተካክለህ ጻፍ። ሪፖርቱ ሲመጣ ወደ ብድሩ ዝርዝር ከመሄድህ በፊት ላይኛውን ክፍል ተመልከት፤ የስም አጻጻፍህንና የኖርክበትን አድራሻ። ኖረህ የማታውቅበት አድራሻ ካየህ ነገር አለ።

እዚህ ላይ የእኛው የሆነ ችግር አለ፤ የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግርህም። አንድ «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ባንኩ ላይ ሌላ፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሌላ። የአባትህ ወይም የአያትህ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል፣ ስለዚህ አገር ምድሩ ከበደና ተስፋዬ ይሆናል። የልደት ቀን ደግሞ ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲዞር ይፋለሳል፤ በስደት በሱዳንና በኬንያ በኩል የመጡ ብዙዎች ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተጽፎላቸዋል። እንግዲህ አስበው፤ ስሙም የአባቱም ስም ካንተ ጋር አንድ የሆነ፣ በጃንዋሪ 1 የተወለደ፣ ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያንተው ሕንጻ ላይ የሚኖር ሰው። ኮምፒውተሩ ሁለታችሁን አንድ ፋይል ውስጥ ሊከታችሁ ይችላል። ሌባ የለም፣ ግን የሰውየው ያልተከፈለ ዕዳ አንተ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ይህ ሲሆን ለድርጅቱ በጽሑፍ ተቃወም፤ በ30 ቀን ገደማ ውስጥ የማጣራት ግዴታ አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ሶሻልህ ላይ እንዴት ከተጻፈ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል እንደዚያው አድርገው።

የባንኩ የምሥጢር ጥያቄም እንዲሁ ለእኛ አልተሰፋም። «የእናትህ የልጅነት ስም ማን ነበር?» ይሉሃል፤ እነሱ ዘንድ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ስለምትይዝ የድሮው ስሟ ምሥጢር ይሆናል ብለው ነው። የእኛ እናት ግን እስከ ዕለተ ሞቷ በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ስሟ ፌስቡክ ላይ አለ፣ የሰርግ ጥሪህ ላይ አለ፣ ለቅሶ ላይ ይነገራል። ስለዚህ ለዚያ ጥያቄ እውነቱን አትመልስ። አንተ ብቻ የምታውቀውን አንድ የፈጠራ ቃል ስጣቸውና ደብተርህ ላይ ጽፈህ ደብቀው። ባንክን መዋሸት ኃጢአት መስሎ ከታየህ እኔ ልሸከምልህ።

አገር ቤት ዲቪ የሞላልህን ልጅም አትርሳው። ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ኢሜይሉን የከፈተልህ እሱ ነው፣ የይለፍ ቃሉን ያወጣው እሱ ነው፣ የፓስፖርትህ ቅጂም ኮምፒውተሩ ላይ አለ። በዚያ ኢሜይል ባንክ ከመክፈትህ በፊት አዲስ ኢሜይል አውጣ። ለአጎት ልጅ፣ ለደላላ፣ ለትኬት ቢሮ በቴሌግራም የላክኸውን የፓስፖርት ፎቶም ከቻልክ እያስጠፋህ ሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ካልኩህ አብዛኛውን የትኛውም ባንክ ያስተምርሃል፤ የማያስተምርህ ይሉኝታን ነው። እዚህ ዲሲና አካባቢው በእድሩም በሽምግልናውም ብዙ ተቀምጫለሁ። የእኛ ሰው በኮምፒውተር ሌባ ሲጎዳ አይቻለሁ፤ የበለጠ ያየሁት ግን ሶሻሉን በገዛ እጁ አንስቶ ለዘመድ ሰጥቶ ሲጎዳ ነው። ጠያቂውም ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ እምቢ ማለት ቀላል ነበር።

አንዱ መጥቶ «ወረቀቴ እስኪደርስ በአንተ ሶሻል ልሥራ» ይልሃል። አንጀት ይበላል፤ ልጆች አሉት። ግን አሠሪው ደመወዙን የሚያስመዘግበው በአንተ ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት የታክሱ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ «ይህን ገቢ ሳታሳውቅ ቀርተሃል» የሚል ደብዳቤ ይልክልሃል፤ ያልበላኸውን ገንዘብ ታክስ ትከፍላለህ ወይም ያልበላኸው መሆኑን ስታስረዳ ትከርማለህ። ለእሱም ቢሆን በሌላ ሰው ቁጥር መሥራቱ ነገ የኢሚግሬሽን ፋይሉን ተከትሎት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ ሶሻሉን ሳይሆን የታክሲ ወይም የምግብ ማድረሻ አካውንትህን ነው የሚለምንህ፤ «አንተ በማትሠራበት ሰዓት ልሥራበት» ይላል። ገቢው በስምህ ይመዘገባል፤ አንድ ቀን ሰው ቢገጭ ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚገኘው ያንተ ስም ነው።

ሦስተኛው የመኪና ብድር ኮሳይን እንድታደርግለት፣ ማለትም ዋስ ሆነህ አብረህ እንድትፈርምለት ይጠይቅሃል። አገር ቤት ዋስ የሚፈለገው ተበዳሪው ሲጠፋ ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚህ በብዙ ስቴት አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ አንተ መምጣት ይችላል፤ ይህንንም ከመፈረምህ በፊት በሚሰጥህ ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳውቅሃል፣ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። እሱ ክፍያውን አንድ ወር ባዘገየ ቁጥር ያንተም ሪፖርት ላይ ይጻፋል። በሰዓቱ ቢከፍልም እንኳ አንተ ቤት ልትገዛ ስትል ዕዳው ያንተ ሆኖ ይቆጠራል። መርዳት ከፈለግህ ብትቀር የማትቆጭባትን ገንዘብ በጥሬው ስጠው። ስምህን ግን አታበድር።

ታክስ የሚሠራልህንም እወቅ። ለክፍያ የሚሠራ ሰው በስሙ ፈርሞ የራሱን መለያ ቁጥር ማስገባት አለበት። «እኔ አልፈርምም፣ ራሴ አስገባሁት በል» የሚልህን፣ ሪፈንዱንም በእኔ አካውንት ላስገባልህ የሚልህን ጥለኸው ውጣ። ልጅ ስትወልድ ደግሞ የልጅህን ሶሻል «ዘንድሮ ለእኔ ስጠኝ፣ ሪፈንዱን እንካፈላለን» የሚል አይጠፋም። ለራስህ ከአይአርኤስ ባለ 6 አሃዝ ፒን ጠይቅ፤ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ያለ እሱ ማንም በስምህ በኢንተርኔት ታክስ ማስገባት አይችልም። ከ2021 ጀምሮ ለማንኛውም ታክስ ከፋይ ክፍት ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። «ክሬዲትህን አጸዳልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅህም ሕግ እየጣሰ ነው፤ በሶሻል ፋንታ የምትጠቀምበት ሌላ 9 አሃዝ ልሽጥልህ ካለህማ፣ የሚሸጥልህ የአንድ ሕፃን ቁጥር ሊሆን ይችላልና ከእሱ ጋር ቡና እንኳ አትጠጣ።

እንዴት እምቢ ልበል ትለኛለህ። አውቃለሁ፤ ዛሬ የሚያሳድርህ ሰው ነው ነገ የሚጠይቅህ፣ ከኤርፖርት የተቀበለህ እሱ ነው፣ ቤዝመንቱን በርካሽ ያከራየህም እሱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ወደ እኔ አዙረው። «አጎቴ ከልክሎኛል፣ እሱን አነጋግረው» በል። በእኔ ዕድሜ መቀየም አያስፈራኝም። ቂሙ እኔ ዘንድ ይቅር፣ አንተ ገና ከሰው ጋር የምትኖር ነህ።

ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ብዙ አላደክምህም። ከባንክህ ነኝ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ነኝ፣ ከኢሚግሬሽን ነኝ ብሎ የሚደውል ሰው ቢያስቸኩልህ ዝጋበትና ካርድህ ጀርባ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ባለው ቁጥር አንተው ደውል። በስልክህ የመጣልህን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትስጥ፤ ለእኔም ቢሆን። በቴሌግራም «ተሳስቼ ኮድ ወደ አንተ ስልክ ልኬአለሁ፣ መልስልኝ» የሚልህ የአጎትህ ልጅ፣ እሱ ሳይሆን አካውንቱን የነጠቀው ሰው ነው፤ ያንተንም ነጥቆ በስምህ ከአክስቶችህ ገንዘብ ይለምናል። ቴሌግራምህ ላይ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አድርግ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጊፍት ካርድ ክፈል አይልም። ዜል የሚሉት የገንዘብ መላኪያ ደግሞ እቁብ ለመክፈል ይመቻል፤ ተታልለህ በገዛ እጅህ የላክኸውን ማስመለስ ግን ጭንቅ ነው።

በካርድ ስትገዛ ከዴቢት ይልቅ ክሬዲቱን ተጠቀም። ክሬዲት ካርድህ ተሰርቆ ቢጠቀሙበት ሕጉ አንተን ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልህም። የዴቢቱ ግን የራስህ የባንክ ገንዘብ ነው፤ በሁለት የሥራ ቀን ካሳወቅህ ኪሳራህ እስከ 50፣ ከዘገየህ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ መግለጫው ከተላከልህ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ሁሉ ሊቀርብህ ይችላል። ለዚህ ነው በየወሩ መግለጫህን አንብብ የምልህ።

ይህን ሁሉ አድርገህም አንድ ቀን ቢደርስብህ በዚያው ቀን የምታደርገው ይህ ነው። አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ የሚባለው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ገጽ ላይ ገብተህ ሪፖርት አድርግ፤ ካበዳሪ ጋር ስትከራከር የምትይዘው ወረቀት እሱ ነው። ያንን ሪፖርት ከመታወቂያህ ጋር ለሦስቱ ድርጅቶች ስትልክ፣ የሐሰቱን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ከፋይልህ ማገድ አለባቸው። ለባንክህ ደውል፣ የደወልክበትን ቀንና ያነጋገርከውን ሰው ስም ጻፍ።

ያደረገው ዘመድ ከሆነስ? እንግዲህ ይህ ነው የሚከብደው። ወሬው ሲሰማ «ሽማግሌ ይግባ፣ ወረቀት አታድርጉት» ይባላል። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ሽምግልናን አልንቅም። ግን ኢክዊፋክስ ሽማግሌ አያውቅም። እኛ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየተቀመጥን ሁለት ሦስት ወር ስንመክር፣ ዕዳው በየወሩ አልተከፈለም እየተባለ ይጻፍብሃል፤ «በቃ ዘመዴ ነው፣ እኔው እከፍላለሁ» ብለህ መክፈል ከጀመርክ ደግሞ በኋላ የእኔ አልነበረም ማለት ይከብድሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይልህን ዝጋ፣ ሪፖርቱን አስገባ፣ ከዚያ ወደ ሽምግልናው እንመጣለን። ሽማግሌው ስለ ገንዘቡና ስለ ዝምድናው ይዳኝ፤ መዝገቡን ማጽዳት ያንተ ነው። «የሥጋ ዘመዱን ከሰሰ» የሚለው ወሬ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት እናትህ ዘንድ እኔ እደውላለሁ።